ከሐርለም ወደ ሻሸመኔ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን

ኢትዮጵያውያንና የባሕር ማዶ ጥቁሮች የተዋወቁበትን ታሪክ አብዛኞቻችን የምናውቀው በቁርጥራጩ ነው። ሻሸመኔን አቋርጦ ያለፈ ሰው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የተቀባ አጥር በመኪና መስኮት አይቷል። ቦብ ማርሌይን የማያውቅ የለም። ስለ ጥቁሩ አብራሪ ስለ ጆን ሮቢንሰን የሰማ አለ፤ ስለ ማርከስ ጋርቬይ ያነበበም አለ። ዋሽንግተን የኖረ ደግሞ ከጥቁር አሜሪካዊ ጎረቤቱ ጋር ለዓመታት ሰላም እየተባባለ አንድም ቀን ቡና ሳይጠራራ እንደኖረ ያስታውሳል። እነዚህ ሁሉ የአንድ ታሪክ ክፍሎች ናቸው።

ከመነሻው አንድ ነገር መያዝ አለበት። ወደ አሜሪካና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች በባርነት የተጋዘው ሰው ስሙን፣ ቋንቋውንና የዘር ሐረጉን ተነጥቋል። ከኮንጎ የተወሰደውም ከወርቅ ጠረፍ የተወሰደውም ከመርከብ ሲወርድ ጥቁር ብቻ ሆነ። ሕጉም፣ ደመወዙም፣ በቤተ ክርስቲያን የሚቀመጥበት ወንበርም በዚሁ ተወሰነ። ስለዚህ ቀለም ወገን ሆነለት፤ በቀለም ተገፋ፣ በቀለም ተሰባስቦም ታገለ። ኢትዮጵያዊው ግን ያደገው የማን ልጅ ነህ፣ አገርህስ ወዴት ነው እየተባለ ነው። ራሱን የሚያውቀው በአባቱ፣ በሃይማኖቱና በትውልድ ቀዬው ነበር። ቀለም ትዝ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ሌላውን ኢትዮጵያዊ ዝቅ ሊያደርግ ሲፈልግ ነው። ባርነትም በራሱ አገር እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ የሆነውን ነው የምተርከው። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እጨምራለሁ።

ከአድዋ በፊትና ማግስት፦ 1808–1906

የባሕር ማዶ ጥቁሮች ኢትዮጵያን ያወቋት ከካርታ በፊት ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። እንዲያነቡት ሲፈቀድላቸው፣ ሳይፈቀድላቸውም ተደብቀው ሲያነቡት፣ ስሟ ደጋግሞ አጋጠማቸው። መዝሙረ ዳዊት ስለ ኢትዮጵያ እጆች የሚናገርበት ቃል የስብከታቸው ሁሉ ማዕከል ሆነ። በ1808 ኒውዮርክ ውስጥ በዘር ተለይቶ መቀመጥን እምቢ ያሉ ምእመናን ከነጮች ቤተ ክርስቲያን ወጥተው የራሳቸውን ሲያቋቁሙ ስሟን የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አሏት። የቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት ከመሥራቾቹ መካከል የኢትዮጵያ ነጋዴዎች እንደነበሩ ይናገራል። ያም ሆነ ይህ በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ለእነሱ ተስፋ እንጂ ሰው የሚኖርባት፣ ግብር የሚከፈልባት አገር አልነበረችም።

አገርነቷን ያወቁት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። የአድዋ ድል ዜና ሲሰማ ከሄይቲ እስከ ቴክሳስ የነበሩ ጥቁሮች ነጭ ጦርን በግልጽ ውጊያ ያሸነፈ ጥቁር ንጉሥ እንዳለ አወቁ። ብዙ ሳይቆይ የሄይቲው ቤኒቶ ሲልቪን በ1897 አዲስ አበባ ደረሰ። ሄይቲ ራሷ በባሮች አመፅ ነፃ የወጣች አገር ናትና ሲልቪን በዓለም ያሉ ጥቁሮችን በአንድ ማኅበር ማሰባሰብ ይፈልግ ነበር፤ መሪነቱንም ለዳግማዊ ምኒልክ ሊሰጥ አሰበ። በ1900 ለንደን ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የፓን አፍሪካ ጉባኤም የምኒልክ ወኪል ሆኖ ተቀመጠ።

በ1903 የአሜሪካን መልእክተኞች እየመራ የመጣው ሮበርት ስኪነር በመጽሐፉ እንደጻፈው፣ ምኒልክ ለሲልቪን ሐሳቡ መልካም እንደሆነ፣ እሳቸው ግን ጥቁር ስላልሆኑ በሩን እንደተሳሳተ ነግረውታል። ስኪነር ይህን የጻፈው ከሌላ ሰምቶ ነው፤ የታሪክ ሰዎችም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኔ ምኒልክ በዚያ አባባል ተናገሩ ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን በዚያ ዘመን አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ ጥቁር ነህ ቢባል በምን እንደሚገባው ማሰብ ይጠቅማል። እሱ የሰሎሞን ዘር፣ የሥርዓተ መንግሥት ወራሽ ነኝ ባይ ነው፤ ጥቁርነት ለእሱ ወገን ሆኖ አያውቅም። ለሲልቪን ግን ከዚያ ሌላ ወገን አልነበረም።

በዚያው በ1903 ምኒልክ ዘንድ የቀረበው ሌላው እንግዳ የቴክሳሱ ዊልያም ኤሊስ ነው። የባሮች ልጅ የሆነው ይህ ነጋዴ በአገሩ የሚከበርበትን መንገድ ሲያጣ ስሙን ወደ ስፓኒሽ ለውጦ ሜክሲኳዊ ነኝ እያለ ይኖር ነበር። በአሜሪካ ጥቁርነቱን ደብቆ የኖረ ሰው በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት በክብር ተቀምጧል። የጓዴሉፑ ሐኪም ዶክተር ቪታሊየን ደግሞ ሐረር ገብቶ ራስ መኮንንን አክሟል፤ በኋላም የምኒልክ ሐኪም ሆነ። ስለ ወገንነት ንግግር ሳያበዛ በሙያው የገባ በመሆኑ ይመስለኛል ከሁሉ ይልቅ ተላምዶ የኖረው እሱ ነው።

ጋርቬይ፣ ልዑካኑና ዘውዱ፦ 1914–1930

ጃማይካዊው ማርከስ ጋርቬይ በ1914 ኪንግስተን ላይ ያቋቋመውን ማኅበር ኒውዮርክ ወዳለው የጥቁሮች ሰፈር ወደ ሐርለም ሲያሻግረው ጥቁሮች በአሜሪካ ታሪክ ያላዩት ብዛት ያለው ሕዝብ ተከተለው። ንግግሩ ወደ አፍሪካ እንመለስ የሚል ነበር። በ1920 ኒውዮርክ ላይ በተሰበሰበው ታላቅ ጉባኤ ማኅበሩ መዝሙር አጸደቀ፤ መዝሙሩ ኢትዮጵያን የአባቶች ምድር ብሎ የሚጠራ ነው። ዜማውን ካወጡት አንዱ የባርቤዶሱ ሙዚቀኛ አርኖልድ ፎርድ ነበር።

በዚህ መካከል እውነተኛ ኢትዮጵያውያን ኒውዮርክ ገቡ። በ1919 በደጃዝማች ናደው የተመራው፣ ብላታ ኅሩይና ከንቲባ ገብሩ ያሉበት ልዑክ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ወዳጅነት ለማደስ ሲመጣ ዋሽንግተን በክብር ተቀበለችው። ሆኖም ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የነጮች ክለብ በቀለማቸው ምክንያት በሩን እንደዘጋባቸው ተጽፏል። ጥቁር አሜሪካውያን ነገሩን በጋዜጦቻቸው ሲያነቡ አልተገረሙም። የክለቡ በረኛ የሰሎሞንን ዘር ከጆርጂያ የእርሻ ሠራተኛ አልለየም።

የሁለቱን ወገኖች ጥቅም ቀድመው አዛምደው ያዩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በመቅደላ ጦርነት ማግስት በሕፃንነታቸው ተወስደው ሕንድ ያደጉ፣ ባዕድ አገር ሰው ሆኖ መኖርን የሚያውቁ ሰው ናቸው። በ1927 ስለ ጣና ግድብ ለመደራደር ኒውዮርክ ሲሄዱ ሐርለም ገብተው ኢትዮጵያ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ መምህርና የእጅ ባለሙያ እንደምትፈልግ፣ ጥቁር አሜሪካውያን ቢመጡ ደስ እንደሚላት ተናገሩ። ሰሚው ብዙ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ፣ ፎቶግራፋቸውም በዓለም ጋዜጦች ላይ ሲወጣ፣ ግብዣው ከሰማይ የወረደ መሰለ።

የመጀመሪያዎቹ ተመላሾች፦ 1930–1935

መጀመሪያ የታየው የትሪኒዳዱ አብራሪ ሁበርት ጁሊያን ነው። ለዘውድ በዓሉ የአየር ትርኢት ሊያሳይ መጥቶ ንጉሠ ነገሥቱ የሚወዷትን ትንሽ አውሮፕላን በልምምድ ላይ ከሰከሳት፤ በዓሉንም ሳያይ ከአገር ወጣ። ቁም ነገረኛው አርኖልድ ፎርድ ነበር። ፎርድ ሐርለም ውስጥ የጥቁር አይሁዶች ረቢ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቶ በዚያው በ1930 ምእመናኑን አስከትሎ አዲስ አበባ ገባ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፣ ምክንያቱም በኋላ የሚሆነው ሁሉ በዚህ ትንሽ ቡድን ውስጥ አስቀድሞ ታይቷል። ፎርድ የመጣው የኢትዮጵያ አይሁዶች ዘመዶቼ ናቸው ብሎ ነው። ቤተ እስራኤል ግን በዚያን ጊዜ በሸክላና በብረት ሥራቸው የሚናቁ፣ ብዙዎቹም የርስት መሬት የሌላቸው ሕዝብ ነበሩ። ተመላሾቹ መሬት ጠበቁ፤ በኢትዮጵያ ደግሞ መሬት የአገልግሎት ዋጋና የዘር ርስት ነው፣ ለውጭ ዜጋም በቀላሉ አይሰጥም። በአሜሪካ ከተማ ያደጉ ሰዎች ከእንጨት ጭስ፣ ከቁንጫና ከክረምቱ ጭቃ ጋር ተጋጠሙ። አማርኛ አልቻሉም። መንገደኛው ፈረንጅ እያለ ይጠራቸው ነበር፤ በአለባበሳቸውና በአነጋገራቸው እንጂ በቆዳቸው አልነበረም የሚፈርጃቸው። ከነጭ አገር ሸሽቶ የመጣን ሰው ይህ ስም ምን ያህል እንደሚያቆስል መገመት አያዳግትም። ብዙዎቹ ገንዘባቸው ሲያልቅ ተመለሱ። ፎርድ በ1935 አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ።

የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። ከእነሱ አንዷ በ1931 የመጡት የባርቤዶስ ተወላጅ፣ የፎርድ ባለቤት ወይዘሮ ሚኞን ፎርድ ነበሩ። ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ኖሩ፤ የጣሊያንን ዘመን እዚሁ አሳለፉ። በኋላም የልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤትን አቋቁመው ሴት ልጆችን አስተማሩ። ከስድሳ ዓመት በላይ አዲስ አበባ ኖረው እዚሁ አረፉ። ስለ ጥቁሮች ወንድማማችነት ከተደረጉት ንግግሮች ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ የእሳቸው የመማሪያ ክፍል ነው።

ጦርነቱ አንድ ያደረጋቸው ጊዜ፦ 1935–1941

ሰኔ 25 ቀን 1935፣ የጣሊያን ጦር ኤርትራና ሶማሊያ ላይ እየተከማቸ ሳለ፣ ኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም ውስጥ ጥቁር አሜሪካዊው ጆ ሉዊስ ግዙፉን ጣሊያናዊ ፕሪሞ ካርኔራን ገጠመው። በስድስተኛው ዙር ካርኔራ መቀጠል አቃተው። ሐርለም ጎዳና ላይ ወጣች። የቦክስ ግጥሚያው ለተመልካቹ የአድዋ ተራራ ሆኖ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራው ሲጀመር የሐርለም ጥቁሮችና ጣሊያኖች በጎዳና ተጋጩ፤ አብያተ ክርስቲያናት ለፋሻና ለመድኃኒት ገንዘብ አሰባሰቡ፤ ብዙ ወጣቶች ሊዘምቱ ተመዘገቡ። የአሜሪካ መንግሥት በሌላ አገር ጦር መሰለፍን የሚከለክለውን ሕግ ጠቅሶ አስቆማቸው።

ያልቆመው ጆን ሮቢንሰን ነው። ሚሲሲፒ ያደገው ሮቢንሰን ቺካጎ ውስጥ የበረራ ትምህርት ቤት ለመግባት ቢጠይቅ በቀለሙ ምክንያት ተከለከለ፤ በዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥሮ ትምህርቱን በሥራ ሰዓት አዳመጠ፤ በመጨረሻም ተቀብለውት በ1931 ተመረቀ። በ1935 አዲስ አበባ ሲደርስ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ያልታጠቁ ጥቂት አሮጌ አውሮፕላኖች ብቻ ነበሩት። አዛዥ ሆኖ ተሾመ። አድዋ በቦምብ ስትደበደብ እዚያው ነበር። በ1936 አገሩ ሲገባ ቺካጎ እንደ ጀግና ተቀበለችው።

ሮቢንሰንን ከኢትዮጵያ ጋር ካገናኙት አንዱ ዶክተር መላኩ በያን ናቸው፤ እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ አስበልጬ የምመለከታቸውም እሳቸውን ነው። መላኩ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ሲሆኑ ኦሃዮ በነጮች ኮሌጅ ትምህርታቸውን ጀምረው ሕክምናውን ወደ ጥቁሮቹ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተሻግረው ጨረሱ፤ ጥቁር አሜሪካዊቷን ዶሮቲ ሃድሊንም አገቡ። ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን ከጥቁር አይቆጥሩም የሚለው ወሬ ሐርለም ውስጥ ብዙ ጊዜ ይነሳ ነበር፤ የፋሺስት ፕሮፓጋንዳም ድጋፉን ለማብረድ አራገበው። መላኩ ወሬውን በኑሯቸው መለሱት። በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ፣ ጋዜጣም አወጡ። በተወለዱ በአርባዎቹ መጀመሪያ፣ በ1940፣ ነፃነትን ሳያዩ ሞቱ። ያ ማኅበር ግን ሻሸመኔን ያመጣው ማኅበር ነው።

በዚያው ዘመን ጋርቬይ ራሱ ተቆጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ለንደን ሲገቡ ለጥቁሮቹ ተቀባዮች የሰጡት ቦታ አልበቃው አለ፤ ከነጭ መካሪ ጋር የዋሉ፣ አገራቸውን በዘመናዊ ትምህርት ያላስታጠቁ፣ ባርነትንም በጊዜ ያላጠፉ መሪ ብሎ በመጽሔቱ ነቀፋቸው። ከነቀፋው ውስጥ የባርነቱ ጉዳይ እውነት ነበረው፤ ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ፣ ሙሉ በሙሉ የከለከለችው ግን በ1942 ነው። ጃማይካ ውስጥ ግን የጋርቬይን ቁጣ የሰማው ጥቂት ነው። ከ1933 ጀምሮ ሊዮናርድ ሃወል የሚባል ሰባኪ የንጉሠ ነገሥቱን ፎቶግራፍ በአንድ ሽልንግ እየሸጠ አምላክ ነግሧል ይል ነበር። የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች በአመፅ ቀስቃሽነት አሰሩት። ለድሃው የኪንግስተን ሰው ቁም ነገሩ ግልጽ ነበር፤ የሚገዛው ንጉሥ ነጭ ከሆነ፣ የሚያመልከው ንጉሥ ጥቁር ይሁን።

አምስት ጋሻ መሬት፦ 1941–1966

ከድል በኋላ ኢትዮጵያ የሰው ኃይል ጨርሳ ስለነበር በሙያ የሚመጣውን ተቀበለች። ሮቢንሰን በ1944 ጓደኞቹን ይዞ ተመልሶ አብራሪዎች አሠለጠነ፤ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ አዲስ አበባ ተቀበረ። የብሪቲሽ ጋያናው ዴቪድ ታልቦት ኢትዮጵያን ሄራልድ ጋዜጣን አዘጋጀ። በ1954 ንጉሠ ነገሥቱ አሜሪካን ሲጎበኙ ሐርለም ሄደው የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንን ጎበኙ፣ መስቀልም ሰጡ። ስሙን ከመጽሐፍ የወሰደው ጉባኤ የስሙን ባለቤት አየ።

ለጦርነቱ ድጋፍ ምስጋና ንጉሠ ነገሥቱ ለፌዴሬሽኑ አባላት ሻሸመኔ አጠገብ አምስት ጋሻ፣ ሁለት መቶ ሄክታር ገደማ መሬት ሰጡ። በ1948 ከመጡት የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል የሞንሰራቱ ተወላጅ ጄምስ ፓይፐርና ባለቤቱ ሄለን ነበሩ፤ እነሱም እንደ ፎርድ ጥቁር አይሁዶች እንጂ ንጉሠ ነገሥቱን አምላክ የሚሉ ራስ ተፈሪያን አልነበሩም። የመሬቱ ዜና በ1955 ጃማይካ ሲደርስ ነው የራስ ተፈሪያኖቹ ልብ የተነሳው።

ስለ ስጦታው ስንተርክ ብዙ ጊዜ የምንዘለው ነገር አለ። መሬቱ ባዶ አልነበረም። አካባቢው የአርሲ ኦሮሞ አገር ነው፤ ከምኒልክ ዘመቻ በኋላ መሬቱ ወደ መንግሥትና ወደ ባለርስት እጅ የገባበት፣ ገበሬው ጭሰኛ የሆነበት አገር። ከባርነት ምድር የተመለሰው ሰው በንጉሡ ቸርነት የተሰጠውን መሬት ሲረከብ፣ ጎረቤቱ ያንኑ ንጉሥ የሚያየው በሌላ ዓይን ነበር። ተመላሹ ኪንግስተን ላይ እያለ በትጋት ያጠናው ቋንቋም አማርኛ ነው፤ የገባበት ሰፈር የሚናገረው ኦሮምኛ።

በ1963 ጃማይካ ውስጥ ከአንድ ግጭት በኋላ መንግሥት ራስ ተፈሪያንን በጅምላ አሳደደ፣ ጠጉራቸውን በግድ ላጨ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ አውሮፕላን ኪንግስተን አረፈ። ጠዋቱን ሲዘንብ የነበረው ዝናብ አውሮፕላኑ ሲታይ ቆመ ብለው ያዩት ሁሉ ይተርካሉ። መቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ አጥሩን ጥሶ ሜዳውን ሞላ፤ ቀዩ ምንጣፍ ከእግር በታች ጠፋ፤ ሰዉ ከአውሮፕላኑ ክንፍ ሥር ተሰበሰበ። ንጉሠ ነገሥቱ በሩ ላይ ብቅ ብለው ሕዝቡን አይተው ተመልሰው ገቡ። ሹማምንቱ የሚያደርጉት ጠፋቸው። በመጨረሻ ደረጃውን የወጣው ከራስ ተፈሪያኑ ሽማግሌዎች አንዱ ሞርቲሞ ፕላኖ ነው። እሱ እጁን ዘርግቶ መንገድ ክፈቱ ሲል ተከፈተ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ወረዱ። ትናንት ይላጩ የነበሩት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ መንግሥት ተጋበዙ።

ታቦትና አዋጅ፦ 1966–1980

ንጉሠ ነገሥቱ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላቸው የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበሩና አምላክ መባላቸው ሊዋጥላቸው አይችልም። መልሳቸው ቤተ ክርስቲያን መላክ ሆነ። በ1970 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በጃማይካ ስትተከል አገልግሎቱን የመሩት አባ ላእከ ማርያም፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ፣ ከባድ ሥራ ገጠማቸው። ብዙዎች በኃይለ ሥላሴ ስም አጥምቁን አሉ፤ እሳቸው በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ካልሆነ አላጠምቅም አሉ። የተቆጡ ወጡ፤ የቀሩት ግን ብዙ ነበሩ፣ ቅዳሴውን ተማሩ፣ ጾሙን ጾሙ። ሥጋ የማይበላው የራስ ተፈሪያን ኑሮ ከአብይ ጾም ጋር በቀላሉ ተስማማ፤ ጋንጃው ግን ከቅዳሴው ጋር አልተስማማም። ቦብ ማርሌይ ከመሞቱ በፊት በዚችው ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ፤ በግንቦት 1981 ኪንግስተን ላይ ጸሎተ ፍትሐቱ ሲደረግም አቡነ ይስሐቅ ጸለዩለት።

ሻሸመኔ ላይ ግን አብዮቱ ደርሶ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ይሁን ሲባል አምስቱም ጋሻ አብሮ ተወረሰ። ለጭሰኛው ያ ቀን የነፃነት ቀን ነው። ለሰፋሪው የተስፋይቱ ምድር የተወሰደበት ቀን ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ብዙ ሰፋሪዎች ወጡ፤ የቀሩት በጥቂት መሬትና በጎረቤት ድጋፍ ኖሩ። ያኔ ነው የአካባቢው ሰው ጉልበታቸውን አይቶ የተቀበላቸው። ከትሪኒዳድም ይምጣ ከባርቤዶስ፣ ከእንግሊዝም ይሁን ከአሜሪካ፣ ሁሉንም ጃማይካ ብሎ ጠራቸው፤ ሰፈሩም ጃማይካ ሰፈር ሆኖ ቀረ። ማርሌይ በ1978 መጥቶ ያያቸው በዚህ ችግር ውስጥ ሳሉ ነው።

መንገዱ ሲገለበጥ፦ 1980–2005

ያው አብዮት ኢትዮጵያውያንን ወደ አሜሪካ አፈሰሳቸው። በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ በሱዳን በኩል የመጡትን ተቀበለ፤ ዋሽንግተን ዋና መናኸሪያቸው ሆነች። ታክሲ ነዱ፣ የመኪና ማቆሚያ ጠበቁ፣ ሱቅና ምግብ ቤት ከፈቱ። በሩ የተከፈተላቸው በከፊል ጥቁር አሜሪካውያን በታገሉት ትግል መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነበር። በ1965 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የዘር ኮታን የሻረው በዚያ የሲቪል መብት ትግል ሙቀት ነው። ብዙ ወላጅ ልጁን ከጥቁሮቹ ጋር አትዋል እያለ አሳደገ፤ ልጁ ግን ትምህርት ቤት ሲገባ ጥቁር ነበር፣ ፖሊስ ሲያስቆመውም ጥቁር ነበር። ይህን ምክር ስንሰጥ የነጮችን ንቀት ሳናጣራ ተቀብለን ነው፤ ልናፍርበት ይገባል።

ኅዳር 13 ቀን 1988 ፖርትላንድ ከተማ የነጭ የበላይነት አራማጅ ወጣቶች ኢትዮጵያዊውን ተማሪ ሙሉጌታ ሥራውን በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። ገዳዮቹ ከየት መጣህ ብለው አልጠየቁትም። ጉዳዩን ይዘው በ1990 የቡድኑን ቀስቃሽ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ያስፈረዱበት ከዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል የመጡ የሲቪል መብት ጠበቆች ናቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ጥቁሮቹ ችግር የእኛ አይደለም ማለት ለብዙ ኢትዮጵያውያን ከባድ ሆነ።

ይህ ነገር ቀድሞ የገባው ኢትዮጵያዊ ነበር። ኃይሌ ገሪማ በ1967 ቺካጎ ቲያትር ሊማር መጥቶ፣ ሎስ አንጀለስ ላይ ከጥቁር አሜሪካውያን የፊልም ተማሪዎች ጋር አብሮ ሠርቶ፣ በኋላ ሃዋርድ አስተማሪ ሆነ። በ1993 ያወጣው ሳንኮፋ የባርነት ፊልም ነው። አከፋፋዮች አንቀበልም ሲሉት ሲኒማ ቤት እየተከራየ ራሱ አሳየው፤ በየከተማው ጥቁር አሜሪካውያን ተሰልፈው ገቡ። በ1998 ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር ከሃዋርድ ፊት ለፊት መጻሕፍት መደብር ከፈተ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ፊልም ያስተማረው ሌላው ሰው አቢይ ፎርድ ነው፤ አዲስ አበባ የተወለደው የወይዘሮ ሚኞን ልጅ፣ በመጨረሻም አገሩ ገብቶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነትን ያስተማረው።

በ2005 የዋሽንግተን ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ዘጠነኛው ጎዳና ትንሿ ኢትዮጵያ ይባል ሲሉ ነገሩ ከረረ። ከዩ ስትሪት ጋር የሚገናኘው ያ ሰፈር የዱክ ኤሊንግተን ሰፈር ነው፤ ነጭ ቲያትር በማይገቡበት ዘመን ጥቁሮች የራሳቸውን የኪነ ጥበብ መንደር የሠሩበት፣ በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል የተቃጠለ፣ ለዓመታት ፍርስራሹ ላይ የተቀመጡበት ቦታ ነው። ኢትዮጵያዊው ባዶ ሱቅ አድሶ ከተማውን እንዳቆመ ያምናል፤ ያም እውነት ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ግን የአያቱ ስም ሲሰረዝ አየ። ስያሜው አልጸደቀም። እኔ በዚያ ክርክር ውስጥ ነዋሪዎቹ ትክክል ነበሩ ባይ ነኝ፤ ንግድ ቤት መክፈት የሰፈርን ስም ለመለወጥ በቂ መብት አይሰጥም።

ሻሸመኔ እንደገና፦ 2000–2017

በኅዳር 2000 የንጉሠ ነገሥቱ አፅም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲያርፍ የቦብ ማርሌይ ባለቤት ሪታ ማርሌይ ተገኘች፤ አብዛኞቹ ራስ ተፈሪያን ግን ንጉሡ አልሞቱም ብለው የሚያምኑ በመሆናቸው አልመጡም። በ2005 የማርሌይ ስድሳኛ ልደት በመስቀል አደባባይ ሲከበር አዲስ አበባ በሕዝብ ተጥለቀለቀች፤ ሪታ የባሏን አፅም ሻሸመኔ ላሳርፍ ብትል ግን ጃማይካ በሙሉ ለተቃውሞ ተነሳች። ጃማይካውያን ማርሌይ የእኛ ነው አሉ፤ ሰውየው አገሩ ሳይወደው ወደ ሌላ አገር የተመለከተ መሆኑን ረስተውት አልነበረም።

ሻሸመኔ ላይ የተወለዱት ልጆች አማርኛና ኦሮምኛ አፋቸውን የፈቱበት ሆኗል፤ ለዓመታት የነበራቸው ግን የወላጆቻቸው ጊዜው ያለፈ ፓስፖርት ነበር፣ አንዳንዱም ያ እንኳ አልነበረውም። ጋንጃ በኢትዮጵያ ሕግ ወንጀል ስለሆነ ከፖሊስ ጋር ይጋጫሉ። በሐምሌ 2017 መንግሥት ለራስ ተፈሪያኑ መታወቂያ እሰጣለሁ አለ፤ ያለ ቪዛ እንዲገቡ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ እንዲኖሩ የሚያስችል። ጠጉራቸው የሸበተ ሰዎች ተሰልፈው ወሰዱት። ዜግነት ግን አይደለም፣ ስለ አምስቱ ጋሻም የሚለው ነገር የለም፤ መሬቱን ዛሬ የሚያርሱት፣ ቤት የሠሩበትና በላዩ ላይ ከተማ የሚያስፋፉት ጎረቤቶቻቸውም የየራሳቸው መብት አላቸው።